የድርጅት ገመድ አልባ ኢንተርኔት አልሠራ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው የተጻፈው። አንደኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና የሚያስረው ቴክኒሻን ነው። ሌላው ከፍሎ "ታዲያ ለምን አይሠራም?" እያለ የሚጠብቀው የድርጅት ባለቤት ነው። ጥያቄዎቹም ከሁለቱም ወገን የሚመጡ ናቸው።

መነሻ እንዲሆነን አንድ ምሳሌ እንያዝ። ቢሮው ሳሪስ ፎቅ ላይ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ የሆነ አንድ አስመጪ አለ እንበል። ቢሮው ጥሩ ኢንተርኔት አለው፣ መጋዘኑ የለውም። በሁለቱ መሀል በአየር 4 ኪሎ ሜትር ነው ብለን እንውሰድ። ሰውየው የሚፈልገው የሂሳብ ሶፍትዌሩ፣ ካሜራውና የውስጥ ስልኩ መጋዘኑም ድረስ እንዲደርሱለት ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ (የሬዲዮ ሞገድ) የሚሠሩ ሁለት አንቴናዎች፣ እያንዳንዳቸው ከሚልክና ከሚቀበል ሬዲዮ ጋር፣ ይህን ሥራ በደንብ ይወጡታል። ችግር ሲመጣ ግን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እቃ መቀየር ነው። እኔ ከላይ እስከ ታች የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳትለኩ አትቀይሩ።

"ኢንተርኔቱ አይሠራም" ተብዬ ተጠራሁ። ከየት ልጀምር?

መንገዱን ከፋፍሉት። ከአቅራቢው የሚመጣው መስመር አንድ ክፍል ነው። የቢሮው ራውተር ሌላ ነው። በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል ያለው አየር ራሱን የቻለ ክፍል ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ስዊች (ብዙ ኬብል የሚሰካበት ማከፋፈያ) እና ዋይፋይ ደግሞ የመጨረሻው። "ኢንተርኔት አይሠራም" የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል፣ እናንተ ግን አንድ በአንድ መፍታት አለባችሁ።

ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። በኬብል ቢሮው ራውተር ላይ ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። ደንበኛው የከፈለበት ፍጥነት እዚያው ቢሮ ላይ ካልተገኘ ጣሪያ መውጣት አያስፈልግም፣ ጉዳዩ ከአቅራቢው ጋር ነው። ቢሮው ላይ ከተገኘ ቀጥላችሁ አየሩን ለብቻው ለኩ። ለዚህ ኢንተርኔቱን ጭራሽ እርሱት። አንድ ላፕቶፕ ቢሮ፣ አንድ ላፕቶፕ መጋዘን አድርጋችሁ አይፐርፍ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። አየሩ 100 ሜጋ ቢት በሰከንድ እያሳለፈ መጋዘን ውስጥ ያለው ሠራተኛ 3 ሜጋ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ችግሩ ከአንቴናው በታች ነው ማለት ነው፣ አንቴናውን አትንኩት።

በዋይፋይ የተያያዘ ስልክ ላይ የሚታይ የፍጥነት ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። ስልኩ የሚነግራችሁ ስለ ሁሉም ክፍል በአንድ ላይ ነው፣ የቱ እንደተበላሸ አይለይላችሁም።

በየቀኑ ይቆራረጣል ይሉኛል፣ እኔ ስሄድ ግን ይሠራል። ምን ላድርግ?

ሬዲዮው ራሱ እንዲናገር አድርጉት። በኮምፒውተር ብራውዘር የሚከፈተው የእያንዳንዱ ሬዲዮ ገጽ ላይ ከበራ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይጽፋል። ደንበኛው "ከአንድ ሰዓት በፊት ተቋረጠ" ካላችሁና ሬዲዮው የበራው ከአንድ ሰዓት በፊት ከሆነ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፣ ጠፍቶ በርቷል። ለቀናት ሳይጠፋ ቆይቶ ግንኙነቱ ብቻ ከተቋረጠ ደግሞ ችግሩ አየር ላይ ነው። ይህች አንዲት ቁጥር ብዙ ምልልስ ታድናለች።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ያልተደረገ ሬዲዮ በጠፋ ቁጥር ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፣ ብዙዎቹም ወደ 1970። ሬዲዮው የሆነውን ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ እንደዚህ ከሆነ ማንም ምንም ሊያነብበት አይችልም። ሌላም አለ። ደንበኛው "8 ሰዓት ላይ ይጠፋል" ሲላችሁ መዝገቡ ላይ 14:00 ነው የምትፈልጉት። ቀላል ይመስላል፣ ግን ጠዋት 8:00 ላይ ምንም አላገኘሁም ብሎ የሚመለስ ቴክኒሻን አለ።

ከዚያ ሰዓቱን ከሰው ጋር አያይዙት። ጥበቃውን ጠይቁ፣ ጽዳት የምትሠራዋን እህት ጠይቁ፣ ቡና የምታፈላዋን ጠይቁ። የሬዲዮው አዳፕተር ዲቫይደር ላይ ከሌላ እቃ ጋር ተሰክቶ ሲነቀልና ሲሰካ የሚውልባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ሰዎቹ ጥፋተኛ አይደሉም፣ ማንም የነገራቸው የለም። አዳፕተሩን ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ለብቻው ሶኬት አድርጉለትና "አይነቀል" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት።

ሲግናሉ ስንት መሆን እንዳለበት እንዴት አውቃለሁ?

ትሰሉታላችሁ። ይህ ክፍል ሰው የሚዘለው ነው፣ እኔ ግን ዋናው ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም መሆን ያለበትን ካላወቃችሁ ያገኛችሁት ቁጥር ጥሩ ይሁን መጥፎ የምታውቁበት መንገድ የለም።

በምሳሌያችን እንሂድ። በ5.8 ጊጋኸርዝ 4 ኪሎ ሜትር ላይ አየሩ ብቻውን ወደ 120 ዲቢ (ሲግናል ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚለካበት) ይበላል። ላኪው 13 ዲቢኤም (የሲግናሉ ጉልበት ራሱ የሚለካበት) ቢያወጣ፣ በሁለቱም በኩል ያሉት አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 23 ዲቢ ቢጨምሩ፣ ድምሩ 59 ነው። ከ59 ላይ 120 ሲቀነስ −61 ዲቢኤም ይሆናል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዲቢ ይቀነሳል። ስለዚህ 2 ኪሎ ሜትር ላይ −55 አካባቢ፣ 8 ኪሎ ሜትር ላይ −67 አካባቢ ትጠብቃላችሁ።

ከስሌቱ 2 ወይም 3 ዲቢ መራቅ ያለ ነው። 10 ዲቢ ከራቀ ግን "ይሠራል እኮ" ብላችሁ አትውረዱ። ዛሬ ቢሠራም ነገ ትንሽ ነገር ሲጨመርበት ይወድቃል፣ ያኔ ደግሞ ስልኩ የሚደወለው ለእናንተ ነው።

አንቴናዎቹ በዓይን ይተያያሉ። ታዲያ ሲግናሉ ለምን ከስሌቱ አነሰ?

ሦስት ነገር ፈትሹ።

አንደኛ፣ መተያየት ብቻውን አይበቃም። ሲግናሉ በሁለቱ አንቴናዎች መሀል እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ መሀሉ ላይ ይሰፋል። ይህ ስፋት ፍሬኔል ዞን ይባላል። በ4 ኪሎ ሜትርና በ5.8 ጊጋኸርዝ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ከመሀል ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች 7 ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 4.3 ሜትር ገደማ፣ ንጹሕ መሆን አለበት። ስለዚህ የአንድ ፎቅ ጫፍ ከእይታ መስመራችሁ በታች 1 ሜትር ላይ ቢሆን ዓይናችሁ ያልፈዋል፣ ሲግናሉ ግን ይጎዳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ባለፈው ዓመት ያልነበረ ፎቅ ዘንድሮ አለ። ዝርጋታው ሲሠራ ንጹሕ የነበረ መስመር ቀስ በቀስ ከደከመ መሀል ላይ የሚሠራ ሕንፃ ካለ ሄዳችሁ እዩ። በካርታ ብቻ አትመኑ፣ የሳተላይት ምስሉ የቆየ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንቴናው በዋናው ጨረር ሳይሆን በጎን ጨረሩ ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ዲሽ አንቴና ከዋናው ጨረር ውጪ ደካማ የሆኑ የጎን ጨረሮች አሉት። ቴክኒሻኑ ሲያዞር አንዱን የጎን ጨረር ያገኝና ቁጥሩ ከፍ ሲል "በቃ ይኼ ነው" ብሎ ያጠብቀዋል። ከስሌቱ 15 ወይም 20 ዲቢ ሲጎድል መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። መፍትሔው አንዱን ጫፍ ሳይነኩ ሌላውን በዝግታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር ነው። ከፍተኛውን ካገኛችሁ በኋላም አልፋችሁት ሂዱ፣ ሲወርድ እዩት፣ ከዚያ ተመለሱ። ወደ ጎን ጨርሳችሁ ወደ ላይና ወደ ታች። ከዚያ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያው ነው። ብሎኑን ስታጠብቁ ቁጥሩን እያያችሁ ይሁን፤ ሲጠብቅ ዘወር የሚል ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ የአሁኖቹ ሬዲዮዎች ሲግናሉን በሁለት መስመር ለየብቻ ያሳያሉ፣ አንዱ ቁም አንዱ አግድም። ሁለቱ በ2 ወይም 3 ዲቢ ውስጥ መቀራረብ አለባቸው። አንዱ −61 ሌላው −80 ከሆነ አቅጣጫ ማስተካከል ምንም አይጠቅምም፣ ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደው አጭር ኬብል ወይም ማያያዣው ተበላሽቷል፣ ብዙ ጊዜም ውኃ ገብቶበታል።

በጋውን ሙሉ ሲሠራ የቆየው ክረምት ሲገባ ቆመ። ዝናብ ነው?

ዝናቡ ራሱ አይደለም። በ5 ጊጋኸርዝ በእንዲህ ዓይነት አጭር ርቀት የዝናብ ጠብታ የሚያጠፋው ሲግናል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 60 ጊጋኸርዝ ላይ ነው ዝናብ የሚገድለው። እንዲህ ዓይነት እቃ ካላችሁ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው።

በ5 ጊጋኸርዝ ግን ዝናቡ የሚያመጣቸውን ነገሮች ፈልጉ። መንገዱ ላይ ባህር ዛፍ አለ? ባህር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ የረጠበ ቅጠል ደግሞ ከደረቅ ቅጠል በጣም ይብሳል። በደረቁ ወቅት ጫፉን ብቻ የነካው ዛፍ ሐምሌ ላይ ግድግዳ ይሆናል። ኬብሉስ? ወደ ሬዲዮው ሲገባ ወደ ታች ታጥፎ ውኃው የሚንጠባጠብበት ዝቅ ያለ ቦታ ከሌለው ውኃው ኬብሉን ተከትሎ ቀጥታ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። የተነቀለው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ መልሱን አገኛችሁ። ኬብሉን ብቻ ሳይሆን የሬዲዮውን ሶኬትም መርምሩ።

መብረቅ ሌላ ነው። የብረት ምሰሶው ከመሬት ጋር በኧርዝ ሽቦ ካልተያያዘ፣ ኬብሉም ሽፋን ያለውና ማያያዣው ብረት ካልሆነ፣ ሬዲዮው ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ስዊችም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ላይ ደንበኛው ወጪ ሲቀንስ እሺ አትበሉት።

ሲግናሉ አሪፍ ነው። ፍጥነቱ ግን የለም።

ሲግናል የምትሰሙት ድምፅ ጉልበት ነው እንጂ ጸጥታው አይደለም። ጣሪያው ላይ ሌሎች አስር አንቴናዎች ካሉ ሁሉም ይጮኻሉ። የሬዲዮው ገጽ ላይ የጩኸቱን ደረጃ እዩ። ሲግናሉ −61፣ ጩኸቱ −95 ከሆነ ልዩነቱ 34 ነው፣ ግሩም ነው። ጩኸቱ −75 ከሆነ ግን ልዩነቱ 14 ብቻ ነው፣ በዚህ ፍጥነት አትጠብቁ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የቻናሉን፣ ማለትም ሬዲዮው የሚጠቀምበትን የድግግሞሽ ክፍል፣ ስፋት መጨመር ነው። 80 ሜጋኸርዝ ብዙ ፍጥነት ይሰጣል ተብሎ ይከፈታል፣ በተጨናነቀ ከተማ ግን ብዙ ጩኸት መሰብሰብ ነው። ወደ 40 ወይም ወደ 20 አውርዱት። የሬዲዮውን መቃኛ ከፍታችሁ ባዶ ቻናል ፈልጉ፣ ቢቻል በሥራ ሰዓት፣ ምክንያቱም እሁድ ባዶ የነበረ ቻናል ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይሞላል። ከሁለቱም ጫፍ መቃኘት አለባችሁ፤ ቢሮው የሚሰማውና መጋዘኑ የሚሰማው አንድ አይደለም።

ሬዲዮው በየጊዜው ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ የሚመለስ ከሆነ ከራዳር ጋር የሚጋራ ቻናል ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቻናል ላይ ራዳር የሰማ መስሎት ከሆነ ለቅቆ ይሄዳል፣ አዲሱን ቻናል ከመጠቀሙ በፊትም ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል።

አንዳንዴ ደግሞ አየሩ ደህና ሆኖ ኬብሉ ነው የሚይዘው። የሬዲዮው ኬብል ስንት ላይ እንደተገናኘ ተመልከቱ። 1000 ሜጋ መሆን ሲገባው 10 ወይም 100 ካሳየ ከስምንቱ ሽቦ አንዱ አልነካም፣ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት።

ኬብሉ አዲስ ነው እኮ!

አዲስ መሆኑ አይደለም፣ ምን እንደሆነ ነው። ገበያ ላይ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተቀባ ኬብል ሞልቷል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፣ ነጣ ያለ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ነው። ሬዲዮው መብራቱን የሚያገኘው በዚሁ ኬብል ስለሆነ፣ 24 ቮልት ከታች ተነስቶ 80 ሜትር ተጉዞ ሲደርስ ለሬዲዮው ላይበቃው ይችላል። ሥራ ሲበዛበት ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሣል። ለውጭ የሚሆን፣ ሙሉ መዳብ፣ ፀሐይ የሚችል ጥቁር ልባስ ያለው ኬብል ግዙ። ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።

አዳፕተሩን ስትቀይሩም ቮልቱን አንብቡ። 24 ቮልት የሚፈልግ ሬዲዮ ላይ 48 ቮልት መሰካት ሬዲዮውን ሊያቃጥለው ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ጫፍ አይነሣም።

ሁለቱንም ጫፍ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ እቃ) ላይ አድርጉ። ቢሮው ጄኔሬተር ስላለው ብቻ በቂ አይደለም፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያሉት ሰከንዶችና ሲነሣ የሚመጣው ያልተረጋጋ ቮልት ናቸው እቃውን የሚጎዱት። ሁለቱ ሬዲዮዎች የሚበሉት ኃይል ትንሽ ስለሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ ለረጅም ጊዜ ይይዛቸዋል። ኮምፒውተርና ፕሪንተር ግን አትሰኩበት።

መጋዘኑ ውስጥ አንዳንዱ ስልክ ይገናኛል፣ አንዳንዱ "አይፒ አላገኘሁም" ይላል።

ሁለት ነገር ነው። ወይ አይፒ የሚባለው የኔትወርክ አድራሻ አልቋል፣ ወይ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት እቃዎች አሉ።

አንድ ተራ ኔትወርክ 254 አድራሻ አለው። እንግዳ በሚበዛበት ቦታ እያንዳንዱ ስልክ አድራሻውን ለ24 ሰዓት ይዞ ከቆየ በሄዱ ሰዎች አድራሻ ይሞላል። ጊዜውን ወደ 1 ወይም 2 ሰዓት አሳጥሩት። ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ሠራተኛ "ዋይፋይ እዚህ አይደርስም" ብሎ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ስዊቹ ላይ በማይሆን ቀዳዳ ይሰካል፣ ያ ራውተር የራሱን አድራሻ ማደል ይጀምራል። መለየት ቀላል ነው። የማይሠራለት ሰው ኮምፒውተር ላይ ያለውን አድራሻ ከሚሠራለት ጋር አስተያዩ። አንዱ 192.168.1 ሌላው 192.168.0 ብሎ የሚጀምር ከሆነ በድርጅቱ ውስጥ እንግዳ ራውተር አለ። ሠራተኛውን አትቆጡት። ዋይፋይ የማይደርስበትን ቦታ ነው ያሳያችሁ፣ እዚያ በትክክል አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ እቃ) ሥሩለት።

መጋዘኑ ባዶ እያለ ዋይፋዩ ይሠራ ነበር። እቃ ሲገባ ጠፋ።

የሚጠበቅ ነው። የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያ ሲግናልን ይመልሳል፣ እስከ ላይ የተደረደረ እቃ ደግሞ ይውጠዋል፣ በተለይ ፈሳሽና ብረት። መጋዘን የሚለካው እቃ ሲሞላ ነው። አንድ ትልቅ አክሰስ ፖይንት መሀል ላይ ከመስቀል በየመተላለፊያው አናት ላይ አነስ ያሉትን ማድረግ ይሻላል፣ ሁሉም በኬብል። ሲግናሉን ተቀብሎ በዚያው ሬዲዮ የሚደግም እቃ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 1፣ 6 እና 11 ቻናሎችን ብቻ ተጠቀሙ፣ እነሱ ናቸው የማይደራረቡት።

ካሜራው ከገባ ወዲህ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ቀርፋፋ ሆነ።

ቁጥሩን ደምሩ። አንድ ካሜራ 4 ሜጋ ቢት ቢልክ 16 ካሜራ 64 ሜጋ ነው፣ ያውም ሌት ተቀን ሳያቋርጥ። ቅጂውን እዚያው መጋዘን ውስጥ የሚያስቀምጥ መቅጃ አድርጉ፣ በአየሩ ላይ የሚያልፈው ሰው ሲያየው ብቻ ይሁን። ከዚያ ራውተሩ ላይ ለሂሳብ ሶፍትዌሩና ለስልኩ ቅድሚያ ስጡ።

አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል።

የፓኬት፣ ማለትም ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል፣ መጠን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መደበኛው 1500 ባይት ነው፣ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል በሚገናኙ መስመሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ 1492 ነው። ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አድርጋችሁ በ1472 ፒንግ (መልስ የሚጠብቅ የሙከራ መልእክት) ላኩ። ካላለፈና በ1464 ካለፈ ራውተሩ ላይ 1492 አድርጉት።

እኔ ባለቤት ነኝ። ቴክኒክ አላውቅም። ከሠራተኞቹ ምን ልጠይቅ?

ሥራው ሲያልቅ አንድ ወረቀት ይጠይቁ። በስሌት የሚጠበቀው ሲግናል፣ የተገኘው ሲግናል፣ በሁለቱም አቅጣጫ የተለካው ፍጥነት፣ የሁለቱም ጣሪያዎች ፎቶ፣ የሁሉም እቃ ይለፍ ቃል። ይለፍ ቃሉ የእርስዎ ነው፣ እቃውን የገዙት እርስዎ ነዎት። ወረቀቱ ካለ ነገ ሌላ ቴክኒሻን ቢመጣ እንኳ ከዜሮ አይጀምርም። የመጨረሻውን ክፍያም ከዚህ ወረቀት ጋር ያያይዙት። ጥሩ ቴክኒሻን በዚህ አይከፋም።

የሕንፃውን አስተዳደርም ቀድመው ያነጋግሩ። ጣሪያ ላይ ለመውጣት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ በሥራው ቀን መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ድግግሞሽ የሚቆጣጠረውና የሬዲዮ እቃዎችን ዓይነት የሚያጸድቀው በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እቃ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ድግግሞሹ፣ ስለ ኃይሉና ስለ እቃው ሞዴል እዚያ ጠይቁ። ከገዛችሁ በኋላ አይደለም።

"አይሆንም" ማለት ያለብኝ መቼ ነው?

መሀል ላይ ፎቅ ቆሞ ምሰሶ ማስረዘም የማያልፈው ሲሆን። ጣሪያው ምሰሶ የማይሸከም ሲሆን። ደንበኛው በሁለቱ ጫፍ መሀል አንድ መቀባበያ ቦታ ማግኘት ካልቻለ። ያኔ ፋይበር መጋዘኑ ድረስ ይደርስ እንደሆነ አቅራቢውን እንዲጠይቅ ንገሩት፣ ወይም በ4ጂ ራውተር ይጀምር። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ራውተር ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ፣ ከውጭ በኢንተርኔት የሚገኝበት አድራሻ ስለማይሰጠው ካሜራውን ከውጭ ለማየት ወይም ቢሮውን ከመጋዘኑ ለማገናኘት ግንኙነቱ ከመጋዘኑ በኩል መጀመር አለበት፤ ይህንንም አብራችሁ አስረዱት፣ በኋላ እንዳይደናገጥ። ቅድሚያ ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ እዩ፣ መልሱን ያኔውኑ ስጡት።